በልጁ ድምፅ የሚደውለው ስልክ

የብሩ ልጅ አገኘሁሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጽሑፍና የሽማግሌ ተረት ትማራለች ሲባል፣ እኛ እዚህ እስራኤል አገር የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ጎረቤቶች በሐሜት ጨረስናት። ነርስ ብትሆን ምን ነበረበት? ተረት ተምሮ ማን ቤት ያቆማል? አባቷ ግን "የወደደችውን ትማር" አለ። ብሩ እኩያዬ ነበር፣ አውቀዋለሁ። ቅሬታም ሆነ ሕመም ከአፉ አይወጣም።

ያ ትምህርት ሥራ አስገኘላት። መሀል ከተማ ያለ አንድ ኩባንያ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሎች በየጠዋቱ በአማርኛ እየደወለ ጤናቸውን የሚጠይቅ ማሽን ይሠራ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። መሐንዲሶቹ አማርኛ ስለማይችሉ፣ በሷ ድምፅ እንዲናገር አደረጉት። የሽማግሌን መልስ እንዴት እንደሚረዳ የምታስተምረውም እሷ ሆነች።

ገና ከጅምሩ ለአለቃዋ ለአሚት ነገረችው።

"የኛ ሽማግሌ እንዴት አደሩ ሲሉት ተመስገን ነው የሚለው። እየሞተም ተመስገን ነው። አሞኛል ብሎ ልጁን አያስደነግጥም። ሲብስበት ብቅ በይ ይላል። ማሽኑ ይህን ከሰማ ሰው መላክ አለበት።"

አሚት ክፉ ሰው አይደለም፣ አዳመጣት። "ደስ የሚል ታሪክ ነው" አላት። "ግን ናፍቆኛል ላለ ሁሉ አምቡላንስ አንልክም። ማሽኑን ስናሻሽል እናስገባዋለን፣ ቤሴዴር፣ እሺ?"

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ነገረቻቸው። በየስብሰባው ስታነሳው "ባለተረቷ ጀመረች" እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ በሰማሁ ቁጥር ንድድ ይለኛል።

ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ብሩ ራሱ አስመዝግቡኝ አለ። ልጁ ከባሏ ጋር ዶራ ሰፈር ትኖራለች፤ ከሰንበት ሰንበት ነው የሚያያት።

"ማሽን መሆኑን አውቃለሁ" አለኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ። "ግን በሷ ድምፅ ሲጠይቀኝ እንዴት አሞኛል ልበል?"

"ታመህ ነው እንዴ ታዲያ?" አልኩት።

"ኧረ ተመስገን፣ ደህና ነኝ" አለ።

ዓርብ ከሰዓት አገኘሁሽ የሰንበት ምግብ ይዛ መጣች። ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። በሩን በቁልፏ ከፍታ ስትገባ፣ ብሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አልፏል። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመው ሳይሰነብት አልቀረም፣ በጊዜ ቢደርሱለት ይተርፍ ነበር።

አሚት ለቅሶ መጣ። አገኘሁሽ አባቴ ከማሽኑ ጋር ያወራውን ቅጂ አሰማኝ አለችው፣ ስልኩን አውጥቶ ከፈተላት።

"ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?" ይላል ብሩ። ማሽኑ ስለራሱ ሲጠይቁት መልስ የለውም። በማግስቱ ድምፁ ደከም ብሏል፦ "ደህና ነኝ። ሲመችሽ እስቲ ብቅ በይ።" በመጨረሻው ቀን ትንፋሽ እየቆራረጠው ነው፦ "ተመስገን። ልጄ፣ ዛሬ ብቅ በይ።"

"እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ" አለው የልጁ ድምፅ።

ማሽኑ በሦስቱም ላይ "ደህና ናቸው" ብሎ መዝግቧል።

አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች። አሚት ዙሪያውን አየና "ምን አለ?" ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀ። ማንም አልተረጎመለትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ እኔም እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጬ፣ የብሩ ስልክ ጠራ። መሞቱን ለማሽኑ የነገረው የለም። አገኘሁሽ አነሳችው።

"እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?" አላት የገዛ ድምፅዋ።

ፊቷ እንባ ብቻ ነበር። አባቴ ሞቷል ልትል አፏን ከፈተች። ያሳደጋት ሰው ያስለመዳት መልስ ግን ቀደማት።

"ተመስገን" አለች፣ "ደህና ነኝ።"

"እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ" አለና ዘጋ።