ሙሴ ቪንቼንሶ ያስጠኑን የናፖሊ መንገድ

ባለፈው ጥር ልጄ ትርሲት የብርቱካን ልጣጭ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ አስቀምጣ ወደ ማድቤት ገባች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ የኦስሎው ሰፈራችን የላምበርትሴተር ሰማይ ግን ጠቁሯል፣ በረዶውም እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሷል። ልጣጩ ሲሞቅ ጠርዙ እየተጠቀለለ መረር ያለ ሽታ አወጣ፤ እኔም የያዝኩትን ሹራብ ጭኔ ላይ አኑሬ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ይህ ሽታ ካዛንችስ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ከአንዲት ክፍል ቤት በር ላይ የማውቀው ነው።

ትርሲት ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እማዬ፣ ለፋሲካ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ናፖሊ ልንሄድ ነው» አለችኝ። የምትሠራው በአዛውንቶች መጦሪያ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ጀርባዋን እንዳመማት ነው።

«ከወደቡ ስትነሺ ባሕሩን ለጀርባሽ ስጪው» አልኳት ሳላስበው።

«ናይ! አንቺ ደግሞ ናፖሊን መቼ አየሽው?» ብላ ሳቀች። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ አይ ማለት ትታለች።

አላየሁትም። ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ልጄ ወደ ኦስሎ ስታስመጣኝ አውሮፕላኑ በላዩ አልፎ ይሆናል እንጂ እግሬ ኢጣሊያን አልረገጠም። መንገዱን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ያስጠኑን ሙሴ ቪንቼንሶ ናቸው። ጣሊያን ሲወጣ ሳይወጡ ከቀሩት አንዱ ነበሩ፤ ከአባቴ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሰፈሩን ቧንቧ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። አማርኛን የለመዱት ከቀን ሠራተኞች ስለነበር አባቴን ያህል ሰው «አንተ» ይሉና በራችን ላይ የሚተኛውን ውሻ «እባክዎ ይነሡ» ይሉት ነበር፤ እናቴም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ከሥራ ሲመለሱ ብርቱካን ልጠው ልጣጩን ከሰል ምድጃው ዳር ያደርጉና እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ደጃፋቸው ላይ ደርድረው፣ የቄስ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም፣ ወደ እናታቸው ቤት የሚወስደውን መንገድ ያስደግሙናል። ባሕሩን ለጀርባ ሰጥቶ፣ መንታ ደወል ያላትን ቤተ ክርስቲያን በግራ ትቶ፣ ድንጋዩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው የዓሣ ገበያ አልፎ፣ ልብስ በተሰጣበት ጠባብ መንገድ ሽቅብ፣ ከሁለተኛው ቅስት ሥር ወደ ቀኝ፣ አፍንጫው የተሰበረ የድንጋይ አንበሳ ውሃ እስከሚተፋበት ምንጭ ድረስ። እዚያ ሲደረስ በር አይንኳኳም፣ ማንም አይሰማም፤ ቀና ብሎ «ኮንቼታ!» ብሎ እናታቸውን መጣራት ነው። አንዲት ነገር የዘለለ ልጅ ከወደቡ እንደገና ይጀምራል።

ምክራቸው ብዙ ነበር። ጣቢያው አጠገብ ከሩቅ ፈገግ የሚልላችሁን ሰው አትመኑ፣ ሰኞ ዓሣ አትብሉ። ፖዙዎሊ ስትሄዱ መሬቱ ድኝ ድኝ ይሸታል፣ አፍንጫችሁን ብትይዙ ግን ያገሬው ሰው ይቀየማል። ፖምፔይ፣ አመድ የቀበራት ከተማ ስትሄዱ፣ ጥላ የለምና ውሃ ያዙ። ወደ ፕሮቺዳ ደሴት በጠዋቷ ጀልባ ተሻገሩ፣ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ይቆጣል። ከጠፋችሁ ተራራውን ፈልጉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጨስ ይታያል። እኛ ከእንጦጦ ሌላ ተራራ የማናውቅ ልጆች ተራራ እንዴት እንደሚያጨስ ስንከራከር እናመሽ ነበር።

ከሦስታችን መጀመሪያ ያለ ስሕተት አንበሳው ዘንድ የደረስኩት እኔ ነኝ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጠርተውኝ ወረቀት ፊቴ ያስቀመጡት። ማንበብና መጻፍ እንደማይችሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከአገራቸው ሲወጡ በስድስት ወር እመለሳለሁ ብለው ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሞልቷል። እሳቸው በጣልያንኛ እየነገሩኝ፣ እኔ ትምህርት ቤት በለመድኩት የእንግሊዝኛ ፊደል የሰማሁትን እየጻፍኩ፣ አራት መስመር ሞላን። በሕይወት አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል። አልራበኝም። እማማ፣ ካለሽ አንድ ቃል ላኪልኝ።

ፖስታው ላይ ምን ልጻፍ ስላቸው፣ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር ብላቸው፣ ተቆጡ።

«ቁጥር? ቁጥር ምን ያደርጋል? መንገዱን አታውቂም እንዴ?»

እውነት ነው፣ አውቃለሁ። የእኛም ቤት ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ ናፖሊ፣ ኢጣሊያ ብዬ፣ ከወደቡ እስከ አንበሳው ያለውን ሁሉ እሳቸው በጣልያንኛ እየነገሩኝ በደቃቅ ጽሕፈት ፖስታው ፊት ላይ ሞላሁት፤ የተረፈው ቦታ ለቴምብሩ ብቻ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ሙሴ ቪንቼንሶ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢማቸውን ተላጭተው ወደ ፖስታ ቤት ይሄዱ ጀመር። ሲመለሱ እናቴ «ምነው፣ መጣ?» አትልም፤ ከአካሄዳቸው ይታወቃል። ሰባተኛ ክፍል ስገባ መምህራችን አድራሻ አጻጻፍ አስተማሩን፤ ስም፣ የመንገድ ስም፣ ቁጥር፣ ከተማ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ደብዳቤው እንዳልደረሰና የማይደርሰውም በእኔ ጥፋት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ ቅዳሜ አለፈ፣ ከዚያም ሌላ። አልነገርኳቸውም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በሳንባ ምች ሞቱ፤ ክፍሏን አባቴ ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራያት።

ይህን ለትርሲት አላወራሁም። መንገዱን ብቻ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

ለፋሲካ ሄዳ ከሳምንት በኋላ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ ተመለሰች። ፖምፔይ ጥላ የለም፣ ተራራውም አያጨስም አለችኝ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንድቶ ከዚያ ወዲህ ጢሱ ጠፍቷል። ሙሴ ቪንቼንሶ ይህን ሳያውቁ ነው የሞቱት። መንገዱን ግን ሄዳበታለች።

«እንደጻፍሽው ነው እኮ፣ እማዬ! አንዲት ነገር አልጎደለም፤ አንበሳውም አለ። ደግሞ ፖስተኛውን ብታዪው! በር አያንኳኳ፣ ቁጥር አያይ፤ ምንጩ ጋ ቆሞ ስም ይጣራል። ከላይ በገመድ ቅርጫት ሲወርድለት ደብዳቤውን ከትቶ ይሄዳል። እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉንም ያውቃቸዋል።»

ሳቀች፤ እኔም ለወጉ ፈገግ አልኩ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁና ማድቤት ውስጥ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ደብዳቤው አልደረሰም ብዬ ኖሬአለሁ። ያሳፍረኝ ነበር፣ ያሳርፈኝም ነበር፤ ያልደረሳት እናት መልስ አልከለከለችም፣ አልተጨነቀችምም። አሁን ግን እንዲያ ያለ ፖስተኛ ያችን ፖስታ አንብቦ መንገዱን አያጣውም። ተጣርቶ ሰጥቷት ይሆናል። ጎረቤት አንብቦላት፣ አንድ ቃል ልትልክ ወረቀት አስመጥታ ይሆናል፤ ግን ወዴት ትላከው? ቴምብሩ አገሩን ይናገራል፣ ቤቱን ግን አይናገርም። ካዛንችስ ብዬ አልጻፍኩም፤ የአባቴንም ስም አልጻፍኩም። እናት ልጇ የት እንዳለ አታውቅም ብዬ እንዴት ላስብ፣ ልጅ ነበርኩ። ፖስታውን ብታገላብጠው ጀርባው ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ ቪንቼንሶ።