የዋሹ ባለአደራዎች

ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ «ዋሽ» ይሉታል። ከተማው ራሱ እንዲህ ብሎ ካዘዘ እኔ ማን ነኝና እምቢ የምለው? ስለዚህ ከዚህ በታች የተጋነነ ነገር ብታገኙ ጥፋቱ የሰፈሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ካዚኖዎቹ ሲዘጉ፣ ካርታ አከፋፋይ ነበርኩና ቤቴ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ጋሼ ደግሞ በስደት መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ዋሹ ከሚታጠፍበት፣ ውሃው ከማይደርቅበት ቦታ፣ ሸምበቆው አጠገብ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔም ሥራ ስለፈታሁ አብሬያቸው እሄድ ነበር። የያዙትን መልሰው ይለቁታል። አንዱን ዓሣ ደጋግመው ከመያዛቸው የተነሣ፣ ገና ከሩቅ ሲያያቸው አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸው ጀመር።

አንድ ቀን ስንደርስ ቦታው በገመድ ታጥሯል። ከላይ በኩል ከተዘጋ የቆየ ፋብሪካ ነበር፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ የደፋው ኬሚካል ሰርጎ ሰርጎ መታጠፊያው ደርሷል። ሸምበቆው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ጋሼ ወንበራቸውን ሳይዘረጉ ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ ያወሩኝ ስለ ሙቀቱ ነበር፤ ያኔ ነው የከፋቸው መሆኑን ያወቅሁት።

ነገሩን ያብራራችልን ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ አማርኛዋ በእንግሊዝኛ ጎማ የሚሄድ። ውሃው፣ ወፉ፣ ዓሣው የሕዝብ ነው፤ መንግሥት ትረስቲ ነው አለችን። የበከለው ሰው ካሣ ሲከፍል መንግሥት በሕዝቡ ስም ይቀበላል፤ የተጎዳውን ከማዳን በቀር ግን ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም። ችግሩ፣ ካሣው ለሁሉም ቦታ አይበቃም። ወይ የጋሼ መታጠፊያ ይታከማል፣ ወይ ከታች ያለው ረግረግ። ከመወሰናቸው በፊት ሕዝቡን በዙም ሊሰሙ ነው።

ትረስቲ ማለት ባለአደራ ነው ብዬ ተረጎምኩላቸው። የስብሰባው ቀን ሲቆረጥ ደግሞ ደወልኩና «ጋሼ፣ የዋሹ ባለአደራዎች ስብሰባ ጠርተዋል» አልኳቸው።

እሳቸውም መልሰው ጠየቁኝ። «ገና ሳይሰበሰቡ ምን ብለው ዋሹ?»

ደግ ሰው ቢሆን ያርማቸው ነበር። እኔ «እዚያው ይጠይቋቸዋ» አልኩ።

ጠየቋቸው። ጋራዣቸው ውስጥ፣ በሩን ከፍተን፣ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠናል። ልጅቷ ታስተረጉማለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዋሹት ነገር እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ልጅቷ «ዋሽ» የሚለውን ብቻ ይዛ፣ አባቴ መጀመሪያ ስለ ዋሽ ንገሩን ይላል ብላ አስተላለፈች። ባለሥልጣኖቹ ደስ ብሏቸው ካርታ አወጡና ወንዙን ከራስጌ እስከ ግርጌ አስረዱ። ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ውሸቱን እንዲህ በሥዕል አስደግፎ የሚያምን መንግሥት አይቼ አላውቅም አሉኝ። ሳቄን ለማፈን ስነክስ የቀረኝን ጥርስ በሙሉ ልጨርስ ነበር።

ከዚያ ግን ቀጠሉ፤ እኔም ሳቄን ተውኩት። ታክሲያቸው ውስጥ ሰው የረሳውን ሻንጣ ስንቴ ቤታቸው አሳድረው እንደመለሱ ተናገሩ። «አንዴ እጄ ላይ ተቀደደ። ያንኑ ሻንጣ ሰፍቼ ለባለቤቱ መለስኩ። የእሱ ተቀዶ የሌላ ሰው ሻንጣ አልሰፋሁም። እናንተም ያንን መታጠፊያ፣ አደራ።»

ልጅቷ ሻንጣውን በደንብ ተረጎመችው። መጨረሻ ላይ «ፕሊዝ» አለችና ማይኩን ዘጋች።

ጋሼ ዞር አሉ። «አደራን ነው ፕሊዝ ያልሽው?»

«አይደለም እንዴ አባዬ? እማዬ ‹አደራ ጃኬትሽን› ስትለኝ፣ ፕሊዝ ማለቷ አይደለም?»

«አይደለም የኔ ልጅ። ፕሊዝ የተባለ ሰው እምቢ ብሎ መሄድ ይችላል። አደራ የተባለ ሰው የትም ቢሄድ ይዞት ነው የሚሄደው።»

ልጅቷ ማይኩን መልሳ ከፈተች። ይቅርታ፣ አሳስቼ ተርጉሜያለሁ አለችና በራሷ እንግሊዝኛ ረጅም ንግግር አደረገች። ቃሉን ግን ሳትተረጉም እንዳለ ተወችው። አንዷ ባለሥልጣን ለመድገም ሞክራ «አድራ» አለች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

በ2021 ክረምቱ ሲወጣ መታጠፊያው ተመረጠ። እኔ ለሰው ሁሉ የማወራው ዋሽንግተን ድረስ በሻንጣው ምክንያት እንደተለቀሰ ነው፤ ልጅቷ ግን የወፍ ጎጆ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ነው ትላለች። አፈሩ ተጠርጎ አዲስ ሸምበቆ ተተከለ። ሥር እስኪሰድ ገመዱ አይነሣም፤ ዓሣ ማጥመድም ክልክል ነው። ማስታወቂያው ስለ መቀመጥ የሚለው ነገር የለም ብለው ጋሼ ያለ መንጠቆ፣ ከገመዱ ወዲህ ወንበራቸውን ዘረጉ። ዳክዬ ለጋውን ሸምበቆ ልትነጭ ስትመጣ በባርኔጣቸው ያባርራሉ። ማን ሾመዎት ስላቸው ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ።

አንድ ጠዋት ልጃቸው ለክትባት ልትወስዳቸው ዋሹ ድረስ መጣች። እኔ ወደ ቻይናታውን ሄጄ ትኩስ ሾርባ ልጠጣ መኪናዬን አስነሥቻለሁ። ጋሼ በመስኮቱ ባርኔጣቸውን ሰጡኝ።

«እስክመለስ አደራ» አሉና ሄዱ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ አልተቀመጥኩበትም። ወዲያው ዳክዬዎቹ መጡ፤ ሰማዩ እስኪጠቁር ድረስ፣ መቶ ሺህ ይሆናሉ።

እሺ፣ አራት ነበሩ። ባርኔጣውን አነሣሁ።