የሚጣራው ክንፍ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ አንድ መደብር ደጃፍ ላይ ማቀዝቀዣ ከካርቶኑ ሲያወጡ ቆሜ አየሁ። ነጩን ፎም መንገድ ዳር ጣሉት። ጎንበስ ብዬ ቁራሽ አነሣሁና ውፍረቱን በጣቴ ለካሁ፤ «ለክንፍ ይበዛል» አልኩ ለራሴ። ባለሱቁ ጤናዬን የተጠራጠረ ይመስላል። የእኔ ሐሳብ ግን ቆሰበር ደርሷል።

ቆሰበር፣ ማለትም እንጅባራ፣ የቴክኒክ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኛዬ ከአለልኝ ጋር የውድድር አውሮፕላን እንሠራ ነበር። ሰው የማይጭን፣ በሪሞት የሚበር፣ ክንፉ ከክንድ ብዙም የማይረዝም። ውድድሩ ሜዳ ላይ በተተከሉ ሦስት ምሰሶዎች ዙሪያ መሽከርከር ነው፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። የዳንግላ ልጆች በጥር ሊገጥሙን ቀጥረውናል።

በእንዲህ ያለ ውድድር ሁሉ ነገር ክንፍ ነው። ወፍራም ከሆነ ያዘግማል፤ ቀጭን ከሆነ ምሰሶው ጋ ሲታጠፍ ይሰበራል። ፎሙን በጋለ የምድጃ ሽቦ እንቆርጠዋለን፤ አጥንት የሚሆነውን ደግሞ ከአገሩ ቀርከሃ ጫፍ እንወስዳለን። ክፍላችን የተቃጠለ ፎም ይሸታል፤ ከእጃችን ትኩስ ድንች በበርበሬ አይጠፋም። አለልኝ ከሁሉም ቀጭኑን ክንፍ የሠራ ዕለት ቀርከሃውን ከድፍኑ አንጓ አለፍ አድርጎ ቆረጠው። ክንፉ ዳር ላይ ጣት የምታስገባ ክፍት አፍ ቀረች።

የምንሞክረው ጉሙ ተገፎ ነፋሱ ሳይነሣ፣ በቀትር ነበር። ክንፉ ቀጥ ብሎ ሲበር ዝም አለ። ሩቁ ምሰሶ ጋ ሲታጠፍ ግን ረጅም ድምፅ አወጣ። ፉጨት አይደለም፤ ሰው ከማዶ ሲጣራ ነው የሚመስለው። ሳቅን። በየዙሩ እዚያው ቦታ ሲደግመው ሳቁ ጠፋብን።

በማግስቱ እማማ ይታይሽ መጡ። ቤታቸው ከሜዳው ማዶ ነው። ልጃቸው ደምስ ለቀን ሥራ ከጫግኒ በታች ወደ ቆላ ከወረደ ቆይቷል። ሞቷል የሚል ወሬ ቢመጣም «ልቅሶ አልቀመጥም» ብለው ዘመድ አስቸግረዋል። ሩቁ ምሰሶ ሥር ተቀምጠው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እማማ፣ አውሮፕላኑ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ጋኔን አንዴ ነው የሚጣራ፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ የተጣራ ሰው ነው። ይኸው ደምስ ስንቴ ጠራኝ!»

በአገሩ ቀትር ላይ ጥሪ የሰማ ሰው እስከ ሦስተኛው ድረስ «አቤት» አይልም። የእኛ ክንፍ ደግሞ በየዙሩ ይጣራል።

ከቀናት በኋላ ወንድማቸው አያ ፈንቴ መጡ። «እህቴ መብል ትታለች። ከዚህ ሜዳ ውላ ነው የምትገባ። የሚጮኸውን ነገር አሳዩዋት፤ ቁርጥ ያጠግባል» አሉን።

አሳየናቸው። እማማ ይታይሽ ትንሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ዳበሱት። አለልኝ በሰም ደፈነውና አውሮፕላኑን አስነሣ። ዞረ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ሩቁ ምሰሶ ጋ ምንም የለም። እማማ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዞሩ። «ደምስ ልጄ!» ብለው ጮኹ፤ አያ ፈንቴ ደግፈው ወሰዷቸው። የለቅሶው ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

አውሮፕላኑን አሳርፈናል። ባትሪውን ፈትቼ ክንፉን ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ያን ጊዜ፣ ከሩቁ ምሰሶ በኩል፣ ያው ድምፅ ተጣራ።

አለልኝ ክንዴን ጨበጠኝ። «አቤት እንዳትል!»

ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ግን በረደኝ። ዳግመኛ ተጣራ፤ አሁን ቀረብ ብሎ። ሁለታችንም ዞር ብለን ሳናይ ሮጥን።

በጥር ዳንግላ ላይ በሌላ ክንፍ ተወዳድረን ተሸነፍን። እማማ ይታይሽ ልቅሶ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ደምስ ተመለሰ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ሞቱን በዓይኑ ያየ ሰውም አላገኘሁም። ትምህርቴ «ቀርከሃ ውስጥ የገባ ነፋስ ነው» ይለኛል። ያን ቀን ነፋስ እንዳልነበረ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ጋኔን አንዴ ይጣራል፣ ሰው ሦስቴ። ሁለቴ የተጣራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሦስተኛውን ቆሜ አልጠበቅኩም።

ዛሬ ባለቤቴ ከደጅ ስትጠራኝ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ብዬ፣ ስሜን ሳትጨርሰው «አቤት!» እላለሁ። ታዛዥ ባል ሰጠኝ እያለች ለጎረቤት ታወራለች።