ለአባቴ ጂፕ እሳት ስመርጥ

የአባቴ ጂፕ ሽታ ከግቢው በር ጀምሮ ይቀበለኛል፤ ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የረጠበ ሸራ፣ ከወንበሩ ሥር ተረስቶ የበሰበሰ አቮካዶ። አብረውኝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሰዎች ቤት ሲመጡ "ይህቺማ ቅርስ ናት" እያሉ አጠገቧ ፎቶ ይነሣሉ። ያንገሸግሸኛል። ፎቶ የሚነሣ ሰው አይገፋትም፤ የምገፋት እኔ ነኝ።

አባቴ ዕድሜያቸውን በግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ነው የጨረሱት። ጡረታ ሲወጡ ስንት ዓመት የነዷትን ጂፕ በጨረታ ገዝተው ይዘዋት ወጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ግቢያችን ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ወዳለችው ትንሽ ማሳቸው ብቻቸውን ነድተው ይሄዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ጢማቸውን የሚላጩት፣ እሱም ቅዳሜ ጠዋት ነው።

አምና ክረምት ላይ መኪናዋ መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረች። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ባጃጅ ይዤ እሮጣለሁ። ስደርስ አባቴ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ላይ ተደፍተዋል፣ ከኋላ ጡሩንባ ይጮኻል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ደግሞ መካኒክ ሆኗል። "ነዳጅ ነው!" ይላል አንዱ። "ባትሪ ነው!" ይላል ሌላው። ለመግፋት እጁን የሚዘረጋ ግን የለም።

ችግሩ እሳቱ ነበር። እንደዚህ ያለ የድሮ ሞተር ውስጥ ኮንታክት የሚሏቸው፣ እየተነካኩና እየተላቀቁ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚያስነሡ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የወረቀት ያህል ቀጭን ነው። ትንሽ ከጠበበ ወይም ከሰፋ መኪናዋ ትጠፋለች። አባቴ ብረቶቹን በክብሪት ሳጥን ጎን ይፈገፍጋሉ፣ ክፍተቱንም ከድሮ ፖስት ካርድ በቆረጧት ቁራጭ ይለካሉ። ቁራጯ ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር ኪሳቸው ውስጥ ትኖራለች።

አዲስ ኮንታክት ፍለጋ ገበያውን ዞርኩ። ባለ መለዋወጫው ሁሉ "ኦርጅናል ነው" ይላል። አንዱማ ዓይኔ እያየ ዝገቱን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርጎ "ኦርጅናል" ብሎ ሰጠኝ። ዕቃው ሳምንት አልቆየም።

በመጨረሻ ወደማውቀው መካኒክ ወሰድኳት። ኮንታክቱ የሚቀመጥበትን ዲስትሪቢውተር ከፍቶ ትንሽ አየና አባቴ ራቅ እስኪሉ ጠበቀ።

"መምህር፣ ኮንታክቱ ምንም አልሆነ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ክፍተቱን የሚያስተካክሉት ሰው ናቸው ማየት ያቃታቸው። ተመልከት፣ ይህን ያህል ከፍተውታል።"

አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አባቴ ውሃ ሲቀዱ ጠረጴዛው ላይ ሲያፈሱ አይቻለሁ። ጎረቤቱን ካልተናገረ በቀር እንደማይለዩት አይቻለሁ። አይቼ ጠረጴዛውን እጠርጋለሁ፣ በቃ። በእኛ ቤት ለአባት "ዓይንዎ ደክሟል" አይባልም። እንዲህ ያለው ነገር ይዞራል፣ ይሸፈናል፣ በሌላ ነገር ይላከካል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል እንጂ፤ እንደዚያች አቮካዶ ነው ከወንበር ሥር የሚበሰብሰው።

"ሁለት ምርጫ አለህ" አለ መካኒኩ። "ወይ በየወሩ ታመጣልኛለህ፣ እኔ አስተካክላለሁ። ወይ ኮንታክቱን አውጥተን ኤሌክትሮኒክ እንግጠምለት። እሱ ክፍተት የለው፣ መፈግፈግ የለው። አንዴ ከታሰረ ዓይን አይፈልግም።"

ዓይን አይፈልግም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ሳስበው ዛሬም ራሴን ያስጠላኛል። አባቴን ፊት ለፊት ከመናገር የሚገላግል ዕቃ ተገኘ! ወዲያው ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁት።

"አባዬ፣ ገበያ ላይ ያለው ኮንታክት ሁሉ ፎርጅድ ነው። ለዚህ ነው የምታስቸግርዎት" አልኳቸው መካኒኩ ፊት። መካኒኩም "እውነት ነው አባባ፣ የድሮው ዕቃ የለም" ብሎ ደገፈኝ። ሁለት ጎልማሶች እንደ ሕፃን ልጅ እያታለልናቸው ነበር።

አባቴ ፖስት ካርዷን በጣቶቻቸው መካከል እያገላበጡ ቆዩ።

"እንዳልክ" አሉ።

አባቴ "እንዳልክ" ሲሉ እምቢ ማለታቸው እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩት።

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ መነሣት ጀመረች፣ መንገድ ላይም መጥፋት ተወች። አባቴ መረቁኝ። አሜን አልኩ። ድሮ መኪናዋ ስለምታስቸግራቸው ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ አሁን ፍጥነት ጨመሩ። ከቡሹሎ ሲመለሱም በከተማው ዳር ባለው ሐይቅ በኩል ዞረው መምጣት ለመዱ። ለማያይ ሰው የማይቆም መኪና ሰጠሁ። ይህን ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ እኔ ነኝ ደግሞ የተማርኩት!

የገባኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ከማሳው እንደገቡ የመኪናዋ ጎን ላይ ከፊት ጎማው በላይ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ ቀለም ተጋድሞ አየሁ። የባጃጅ ቀለም ነው።

"አባዬ፣ መንገድ ላይ የነካዎት ነገር አለ?"

"የለም። ምነው?"

አልዋሹኝም። በእውነት አላዩም። እዚያ ባጃጅ ውስጥ ማን እንደነበረ፣ ሹፌሩ ምን ብሎ እየጮኸ እንደቀረ አላውቅም። እናት ከነልጇ ልትሆን ትችል ነበር። "ምንም" አልኩና ቀለሙን በጨርቅ ጠረግኩት። ያን መለዋወጫ ሻጭ ስጸየፈው ከርሜ እኔም ጨርቅ ያዝኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባቴ ቤት አልነበሩም። ኮፈኑን ከፍቼ ለእሳቱ ኃይል ከሚሰጠው ኮይል ላይ አንዲት ሽቦ ነቀልኩ። አልነሣ ስትል ተበላሸች እላለሁ፣ መለዋወጫ ጠፋ እላለሁ፣ ወራት ይሄዳል፣ ይረሱታል። ያሰብኩት ይህን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተላጭተው ወጡ። ቁልፉን አዞሩ፤ ዝም አለች። ደግመው አዞሩ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አድርገው እጃቸውን አስገቡ። ጣቶቻቸው ሽቦ በሽቦ ሲዳስሱ በረንዳው ላይ ቆሜ አየሁ። ያቺን ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሰኳትና ወደ እኔ ዞሩ።

"የነቀላት ሰው ዓይን አለው" አሉ። "አፍ ነው ያጣው።"

ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ዓይኔ እንደደከመማ ከአንተ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። መኪናዋ በጠፋች ቁጥር እየጠራሁህ ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። አንተ ዕቃ ገዝተህ መጣህ።"

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ያልወጣው ወጣ፤ ስለ ባጃጁ ቀለም ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀለሙ የነበረበትን ቦታ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

ከዚያ ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው በመኪናዋ ፊት ዞሩና በሕይወታቸው ተቀምጠውበት የማያውቁት የግራ ወንበር ላይ ወጡ። መሪዋ እንደ ሌላው መኪና በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው።

"ንዳ እንግዲህ። ማሳው ይጠብቃል።"

ቡሹሎ እስክንደርስ የባጃጅ ጡሩንባ በሰሙ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጥ ነበር፣ ፍሬን የሌለበትን ባዶ ወለል።