ከጠበሉ ጎን የተቀመጠው በረኪና

ደባርቅ በሚገኘው የአረጋውያን መጠለያ በር፣ አልጋና ቁልፍ የምጠግነው እኔ ነኝ። አናጢነትን ማንም አላስተማረኝም። ፊደልም ራሴው ነኝ የለየሁት፤ እንዲያም ሆኖ ከተማው ውስጥ እጄን የሚስተካከል አላየሁም።

አንድ ማለዳ አልጋ ላጠብቅ ወደ መሪጌታው ክፍል ገባሁ። ደረስጌ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ግን የገዛ ልጃቸውን ስም ረስተዋል። ያልረሱት እህል ሳይቀምሱ ጠበል መጠጣትን ብቻ ነው። ልጃቸው ጠበሉን በውሃ ፕላስቲክ ሞልታ መስኮቱ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች።

ያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ፕላስቲክ ሁለት ነው። አንዱን ከፍተው፣ አማትበው፣ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ሽታው አፍንጫዬን ወጋው። በረኪና ነበር። ዘልዬ እጃቸውን ያዝሁ።

«ጠበል ትከለክላለህ? ለመሆኑ ክርስቲያን ነህ?» አሉኝ።

ይህ የወለል መወልወያ ነው ብላቸው አልሰሙኝም። እያለቀሱ ታገሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ ስላልከዳኝ ነው እንጂ ተጎንጭተውት ነበር።

የመጠለያው ኃላፊ በጄሪካን የገዛውን በረኪና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየቀነሰ በየክፍሉ ያስቀምጣል፤ ስጠይቀው የጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትመላለስ ነው አለኝ። ፕላስቲኩ ላይ «በረኪና» ብሎ በእስክሪብቶ መጻፉንም አሳየኝ።

«መሪጌታ እኮ ናቸው፤ ማንበብ ሊያቅታቸው ነው?» ብሎ ሳቀ።

አምና ለዚሁ መርዝ ብዬ ባለቁልፍ ቁም ሣጥን ሠርቼለት ነበር፤ እንከን የማይወጣለት ሥራ ነው። ሄጄ አስከፈትሁት። ውስጡ የቢሮው ስኳር ነው። አሮጊቶቹ እየቆነጠሩ ይልሱብኛል ብሎ ስኳሩን ይቆልፋል፣ በረኪናውን ሜዳ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ መቆምም ያስጸይፋል።

ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥሁለት። ከየክፍሉ በረኪናውን ለቅሜ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍሁትና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርሁት። ጽዳቷ ስትፈልግ እኔን ትጠራለች። ኃላፊው ቁልፉን መልስ እያለ ዛሬም ይነዘንዘኛል።

እኔም አሁን እህል ሳልቀምስ ነው የምመጣው። ጠበሉን አሸትቼ፣ አስቀድሜ በመዳፌ ቀምሼ፣ ለመሪጌታው በኩባያ እሰጣቸዋለሁ። ያን ትግል ረስተውታል።

«የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል፣ ጠዋት ጠዋት፤ እነግራቸዋለሁ፤ ይጠጣሉ።