ዓይን ተጨፍኖ የሚለካ ጠመንጃ

ይህ ነገር የገጠመኝ በፈረንጆቹ 2021፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ኦቤትስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ የሚያድር ሰው ብዙ ነገር ይረሳል። እኔ የትናንቱንም እረሳለሁ። ያቺ ጠዋት ግን ዛሬም ድረስ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብላለች።

የባለቤቴ አባት ጋሼ ወርቁ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን እትዬ አስካለን ኮሮና የነጠቀን ከዚያ በፊት በነበረው ብርድ ነው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ መቀመጥ የለ። በጣት የምንቆጠር ሰዎች ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን ቀበርናቸው። ሌላው ሰው በስልክ "ነፍስ ይማር" ብሎ ዘጋ።

ጋሼ አላለቀሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚስታቸውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩም። እኛ ከጠራን ተነስተው ጓሮ ይወጣሉ። የልጅ ልጆቻቸው "ግራንድፓ፣ አር ዩ ኦኬ?" ሲሏቸው "ኦኬ" ብቻ ነው መልሳቸው። ባለቤቴ "አባዬ እንዲህ እንደተቀመጠ ሊያልቅብኝ ነው" ትል ነበር።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን ብድግ ብለው "ጠመንጃ ልገዛ ነው" ያሉን።

ጎረቤታቸው ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሌይ ይተኩሳል፤ ማሽን ወደ ሰማይ የሚወረውረውን የሸክላ ሳህን በሾትገን መትቶ ማድቀቅ ነው ጨዋታው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ወፍ ያድናል። አብረን እንሂድ ያላቸው እሱ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ቆቅና ጅግራ አድነዋል፤ ለጠመንጃ እንግዳ አይደሉም። ባለቤቴ ግን ወጥ ቤት ጠርታ "ወፍ ለመምታት ብቻ ይመስልሃል?" አለችኝ። ምን እንደፈራች ገብቶኛል። እኔም ፈርቻለሁ። ግን አባትን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብለው ይጠይቁታል?

"አብሬያቸው ልሂድና ልያቸው" አልኳት። ያው እኛ ቤት ሹፌሩም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ።

ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ግሮቭ ሲቲ አካባቢ ወዳለ የአደን ዕቃ መሸጫ ወሰድኳቸው። ጥይት የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሻጯ ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሽበቷን በአንድ ጉንጉን የተሠራች ሴት ናት።

ጋሼ ዓይናቸው ያረፈው ሁለት አፈሙዝ ባለው ጠመንጃ ላይ ነው። "ጠመንጃማ ይሄ ነው" አሉ። ሴትየዋ ግን ቀኝ ትከሻቸውን ሲያሹ አይታለች።

"አባትህ ትከሻቸውን ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። ከሻንጣ ጋር ሲታገሉ ተጎድተው ኦፕራሲዮን እንደተደረጉ ነገርኳት።

"እንግዲያው ሰሚ አውቶማቲክ ነው የሚሻላቸው። አንዱን ጥይት ሲተኩሱ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል፣ ትከሻም ብዙ አይመታም። ክሌይ ላይ በአንድ ጠዋት የሚተኮሰው ብዙ ነው።"

ተረጎምኩላቸው። "የማይራገጥ ጠመንጃና የማይቆጣ ሰው አይታመኑም በላት" አሉኝ። ማን ጉልበት አለው ይህን የሚተረጉም። "እሺ ብለዋል" አልኳት።

መጀመሪያ አንዱን አወረደች። ክብደቱ ምቱን ስለሚውጠው ለክሌይ ጥሩ ነው፤ ወፍ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ለሚዞር ሰው ግን ይከብዳል አለች። የሁለተኛው ሰደፍ ረዝሞ ብብታቸው ሥር ተቀረቀረ። ሦስተኛው ቀለል፣ አጠር ያለ ነበር። ሻጯ ጠመንጃውን ከፍታ ባዶ መሆኑን ለእሳቸውም ለእኔም አሳየችን።

"ልክ መሆኑ የሚታወቀው ዓይን ተጨፍኖ ነው" አለች። "ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚተኩስ ሰው ትከሻቸው ላይ ያድርጉት። ከዚያ ይግለጡ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ነጥብ ፊት ለፊት ከታየቻቸው የእሳቸው ጠመንጃ ነው።"

ጋሼ ጨፈኑ። ጠመንጃውን አነሱ፣ ጉንጫቸው ሰደፉ ላይ አረፈ። በልካቸው እንደተሰፋ ኮት ገጠማቸው።

ዓይናቸውን ግን አልገለጡም።

"ጋሼ፣ ይግለጡ" አልኳቸው። እሳቸው ግን ጠመንጃውን ከትከሻቸው አውርደው በአንድ እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አደረጉትና፣

"ዘራፍ!" አሉ። "ዘራፍ የአስካለ አሽከር!

የሰው ለቅሶ ስትደርስ ዕድሜዋን ጨርሳ፣
ሰው ታጣ በሷ ቀን የሚሸኝ ሬሳ!"

በእሳቸው አገር ጠመንጃና ለቅሶ አይለያዩም። ሰው ሲሞት ወንዱ ጠመንጃውን አንስቶ ይፎክራል። የሚፎክር ሰው ደግሞ አሽከርነቱ ለጌታው ነው፤ የሚስቴ አሽከር ነኝ ብሎ የፎከረ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የታየኝ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ እየተንጎራደደ የሚጮህ ጥቁር ሽማግሌ ነው። ቦት ጫማ ሲመርጥ የነበረ አንድ ሰውዬ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ።

ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ። "ኖ፣ ኖ፣ ፕሊስ! ሂ ኢዝ ክራይንግ!" አልኩ። ያለኝ እንግሊዝኛ በሙሉ ያን ጊዜ ይቺው ሆነች። ጋሼ ገና እያለቀሱ እንኳ አልነበረም።

ሻጯ ሳትጮህ መዳፏን ወደ ሰውዬው አነሳች። "ባዶ ነው፤ ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ። ተዋቸው ይጨርሱ" አለችው። ሰውዬው እጁን መለሰ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የጋሼን ያወጣው ግን ጠመንጃ ሆነ። "አስካለ! አስካልዬ!" እያሉ ጠመንጃውን የሻጯ ጠረጴዛ መስታወት ላይ ቀስ አድርገው አስተኙትና ተንሰቀሰቁ። ሴትየዋ ወንበር አመጣችላቸው።

"አስካለ ማናት?" አለችኝ በቀስታ።

"ሚስታቸው። ባለፈው ብርድ፣ በኮቪድ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። አጠገባቸው ቆመች። ባለ ሽጉጡም ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ሌሎቹ ገበያተኞችም ከያሉበት ቆሙ። እትዬ አስካለን ስንቀብር ከቆምነው ይልቅ ያን ቀን መደብሩ ውስጥ የቆመው ሰው ሳይበልጥ አይቀርም። ጋሼ ሲረጋጉ ሻጯ "ዛሬ ጠመንጃ አልሸጥላቸውም" አለችኝ። አመሰገንኳት።

መኪና ውስጥ ገባን፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው፣

"ለወፍ አልነበረም የፈለግኩት" አሉኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ፈርቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ይዘኸኝ መጣህ?"

"ብቻዎን እንዳይመጡ ነዋ።"

ጋሼ እጃቸውን ማጅራቴ ላይ አደረጉ፤ እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ የንስሐ አባታቸውም ይመላለሳሉ። ጠመንጃ ቤታቸው አልገባም። ቅዳሜ ጎረቤታቸው ይወስዳቸዋል፣ በእሱ ጠመንጃ ይተኩሳሉ፣ ሲጨርሱ እሱ ወስዶ ይቆልፍበታል። የሚስታቸውንም ስም ይጠራሉ፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ።

እኔ ዛሬም የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬም ይደክመኛል፣ የእውነት ይደክመኛል። ሰው "አብረኸኝ ና" ሲለኝ ግን እንቅልፍ አለብኝ ማለት አቅቶኛል።