የአባቴ ቀኝ እጅና የመነጽሩ ሰውዬ

አባቴ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው በኋላ ሰው መሸሽ ጀመረ። ሰው መሸሽ! ያ ለአንድ ኪሎ ስኳር ወጥቶ የሮቢትን ሰው ሁሉ ሰላም ሲል የሚውል፣ ስኳሩን ረስቶ የሚመለስ ሰው! ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አስወጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቀመጣል። «እስቲ ወጣ በል አባዬ» ስለው መልሱ አንድ ነው፤ «ግራ እጄን ለሰው ልስጥ? እሱስ ይቅርብኝ።»

በተለይ የጀውሃው ወዳጁ ሲመጣ ይብስበት ነበር። አብረው ሽንኩርት ሲነግዱ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ለፋሲካ፣ ሌላው ለኢድ ሳይጠራው ቀርቶ አያውቅም። አሁን ግን ሰውየው ከበር ሲጣራ አባቴ ተነስቶ ጓዳ ይገባና «ተኝቷል በሉት» ይለናል። ሰውየውም ያመጣውን ፓፓያ ለእናቴ ሰጥቶ «አላህ ያሽረው» ብሎ ይመለሳል። መተኛት አለመተኛቱን ያጣዋል? አያጣውም።

ሐኪሞቹ እጁን እንዲያሠራ ነግረውት ነበር። ኳስ ጨምቅ፣ ፎጣ እጠፍ ነው ነገሩ። «በስተርጅና ልጅ አደረጉኝ» አለና ኳሱን በአጥሩ ላይ ወረወረው። በግራው ነው የወረወረው፤ ሩቅ ሄደ።

እኔ እዚሁ ሮቢት ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ይህን ሁሉ በስልክ ሳለቅስባት «ቪአር የሚሉትን መነጽር እልክልሻለሁ፤ ክረምቱን አቆዩት፤ ብቻ እኔን ሳትጠይቂ ምንም እንዳታሠሪው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ዕቃው በሚኒባስ መጣልኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ስለዚህ ነገር ለተማሪዎቼ ስለፈልፍ የኖርኩ፣ ግን በእጄ ነክቼው የማላውቅ ሴት ነኝ እኮ!

እንደ ዋናተኛ መነጽር ያለ፣ ግን ወፈር ያለ ነገር ነው፤ ዓይንን ግጥም አድርጎ ይሸፍናል። ውስጡ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ትንሽ ስክሪን አለው። የሁለቱ ምስል በጥቂቱ ስለሚለያይ አእምሯችን ያጣምራቸውና ቅርቡንና ሩቁን ለይቶ ያያል። ዞር ስትሉ ምስሉ አብሮ ይዞራል፤ ቀና ስትሉ ሰማዩ ይመጣል። ከፊቱ ያሉት ካሜራዎች ደግሞ እጃችሁን እያዩ እዚያ ውስጥ እጅ ይሠሩላችኋል። በዚህ ነገር አብራሪዎች ሳይከሰከሱ ይማሩበታል፤ ቀዶ ሐኪሞች ሰው ሳይነኩ ይለማመዱበታል፤ ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችም ቀስ በቀስ ፍርሃታቸውን ይለቁበታል። እኔማ መጀመሪያ ስሞክረው ገደል አፋፍ ላይ አቆመኝ። ጮኼ ወደ ኋላ ስሸሽ እናቴ ልብስ የዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ ዘፍ! «በስመ አብ! ልጄን ምን አስነኩብኝ?» አለች እናቴ። እኔ እንደ ራስኩ በሳቅ ሞትኩ።

አባቴ እሺ ያለው ሳፋውን ካየ በኋላ ነው፤ ሳይስቅ አልቀረም። የሮቢት ሙቀት መነጽሩን ላብ እንዳያለብሰው በጠዋት፣ ማንጎው ሥር አደረግንለት። እሱ የሚያየውን እኔ በስልኬ አያለሁ። ጓደኛዬ የመረጠችለት የመጀመሪያው ጨዋታ ፊኛ መንካት ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ፊኛ እየተንሳፈፈ ይመጣል። አባቴ ንቅንቅ አላለም።

«ንካው እንጂ አባዬ!»

«ፊኛ? እኔን ነው ፊኛ አፈንዳ የምትይኝ?»

«እልህህ ነው እንዲህ ያስቀረህ!» ብዬ ጮኽኩበት። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፤ እሳት ነው የምተፋው። እሱም በግራ እጁ መነጽሩን ሊያወልቅ ሲታገል ሌላ ነገር ነካ መሰለኝ፣ ፊኛው ጠፍቶ ሌላ ክፍል ተከፈተ። በር አለ። በሩን ከፍቶ ኮት የለበሰ ሽበታም ሰውዬ ገባና አባቴ ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኖር!» አለው።

ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ነው። ለካ እስኪጨብጡት ድረስ እንዲጠብቅ ነው የሠሩት።

«ኧረ ይሄ ሰው ቆመብኝ!»

«ጨብጠዋ!»

«በየትኛው እጄ?» አለኝ።

«በቀኝህ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። አባቴ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ አለና ግራ እጁን ከቀኝ ክርኑ ሥር አስገባ። ስንቴ ለምነነው እምቢ ያለው አባቴ፣ እንግዳ እጁን ዘርግቶ ቢቆምበት ጊዜ ጨዋነቱ አላስችል አለው! ግራው ደገፈ፣ ቀኙ ቀስ እያለ ተነሳ። ስልኬ ላይ ሁለቱ እጆች ተገናኙ።

«ጨበጥኩት!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ፣ ጨበጥኩት!»

ያን ለት ለጓደኛዬ ስደውልላት ቃላት እየተጋጩብኝ ነው። እሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ፤ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ያበድራል። እጅ ትንሽ ሲነሳ እዚያ ውስጥ ብዙ የተነሳ አድርጎ ያሳያል፤ አእምሮ «ለካ ይቻላል» እንዲል። እየቆየ ብድሩን ይቀንሳል። ይህን ለአባቴ ልንገረው ወይስ ልተወው ብዬ ተጨነቅኩ። እሱ ራሱ ጠየቀኝ፤ «እውነት ደርሷል?»

«እዚያ ውስጥ ደርሷል። እዚህ እምብርትህ ጋ ነው የቀረው።»

ይቀየመኛል ብዬ ስፈራ፣ «እምብርት ከደረሰማ ምን ቀረው! ሰውየውን ጥሪልኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን በሙሉ ቤታችን ሰላምታ ሆነ። ጓደኛዬ በስልክ እየመራችን፣ አባቴ በየጠዋቱ ለሰውየው ይነሳለታል፣ ይጨብጠዋል፣ ይቆጣዋል። «ይሄ ሰው ቤተሰብ የለውም? ዕለት ዕለት እኛ ቤት!» ይላል። እናቴ በተራዋ «ታዲያ ቁርስ በል አትለውም?» ትለዋለች። ብድሩ ሲቀንስ አንዳንድ ቀን እጁ አልደርስ ይልና አባቴ ተናዶ ያኮርፋል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ነሐሴ ላይ እጁ ደረቱ ጋ ደረሰ። እኔ ጎረቤት ሁሉ ገብቼ አወራሁ፤ ደስ ካለኝ አፌ አይዘጋም።

የጀውሃው ወዳጁ የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እናቴ እንደ ልማዷ «ተኝቷል» ልትል ስትል፣ «ማነው የተኛው? ይግባ!» የሚል ድምፅ ከጓሮ መጣ። ሮጥኩ። አባቴ ቆሟል። ሰውየው ገባ፤ እጁን ግን አልዘረጋም፤ እንዳያሳፍረው ብሎ ትከሻውን ሊስም ተጠጋ። አባቴ በግራው ክርኑን ደገፈ። እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወገቡን አለፈ፤ ቀና አለ። የሚያበድረው የለም።

«ምነው፣ ሰላም አትለኝም?» አለው።

«ያ አላህ!» አለ ሰውየው። እጁን ያዘው፣ ጎንበስ ብሎ ሳመው። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰውየው እንባውን ሊጠርግ እጁን ሳብ ሲያደርግ ግን አልወጣ አለው። ቢጎትት የአባቴ ጣቶች አይፈቱም። ስትሮክ የመታው እጅ መጨበጥ ቢጀምርም መልቀቁ ይከብደዋል። ላላቅቃቸው ስጠጋ አባቴ በዓይኑ ከለከለኝ።

«በል ልቀቀኛ!» አለ ሰውየው እየሳቀ።

«መልቀቁን ገና አልተማርኩም» አለው አባቴ።

ሰውየው በርጩማውን በእግሩ ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። «እንኳንም አልተማርክ» አለው።